የፈረንጅ ጌሾ፤ መዓዛውና መጠኑ

በአሜሪካ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አገሩ ቢራ የምንሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቃል አያልፍም። «ይመራል» እንላለን፤ ጠርሙሱን ወደ ጎን እናደርጋለን፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ፍርዱ ጨርሶ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና በጌሾ ያደገ ሕዝብ፣ ጠላው ጌሾ ሲያንሰው «ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ የሚያማ ሕዝብ፣ ምሬትን ራሱን እንደ ጥፋት ሊቆጥረው አይገባም። መጠየቅ ያለበት ምሬቱ ምን ያህል ነው፣ ከምን ጋር ተመዝኗል፣ ከተዋጠ በኋላስ አፍ ውስጥ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ሂስ አንድ የተወሰነ መጠጥን የሚመለከት ነው። እርሱም ፔል ኤል የሚባለው፣ በየቤቱ ጓዳና ጋራዥ የሚጠመቀው፣ ካስኬድ በተሰኘው ምሬቱ ለስላሳ፣ መዓዛው ፍሬ ፍሬ በሚል ሆፕስ የሚሠራው ቢራ ነው። ይህን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የአሜሪካ የቤት ጠማቂ ትውልድ ሙያውን የተማረው ከሁሉ ይበልጥ በዚህ ቢራ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ለስላሳ ሆፕስ የጠማቂውን ዕውቀት ቶሎ ይገልጣል። ኃይለኛ ሆፕስ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል፤ ለስላሳው ግን ምንም አይሸፍንም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እናንሳ። ብዙዎቻችን ሆፕስን «የፈረንጅ ጌሾ» እንለዋለን። እኔም ለርእሴ ተጠቅሜበታለሁ። ለጨዋታ ጥሩ ስም ነው፤ ለሥራ ግን ያሳስታል። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ የምንፈልገውም ቅጠሉንና እንጨቱን ነው። ሆፕስ ግን በገመድ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ሲሆን፣ ጥቅም የሚሰጠው የሴቴዋ ተክል አበባ ነው። አበባው ትንሽ የጥድ ፍሬ ይመስላል። ገለጥ ሲያደርጉት በሥሩ ቢጫ ዱቄት ይታያል። ምሬቱም ሆነ መዓዛው ያለው እዚያ ዱቄት ውስጥ ነው። ሁለቱ ተክሎች በዘር አይዛመዱም፤ የሚያገናኛቸው የሰው ልጅ በሩቅ በሩቅ አገር ሆኖ የእህልን ጣፋጭነት በመራራ ለመመዘን ማሰቡ ብቻ ነው።

ዋናው ልዩነታቸው ግን የሚታየው እሳት ላይ ነው። ጌሾ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀናት ሲሰነብት ምሬቱን ይለቃል። የሆፕስ ምሬት ግን አልፋ አሲድ ከሚባል ነገር የሚመጣ ሲሆን ይህ በቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም። ሲፈላ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ይሟሟል፤ ምሬትም ይሰጣል። ስለዚህ ቢራ ጠማቂ ለምሬት የሚፈልገውን ሆፕስ አንድ ሰዓት ያህል ያፈላዋል። መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት ደግሞ በተቃራኒው ከእንፋሎት ጋር የሚበን ነው። አንድ ሰዓት የፈላ ሆፕስ ምሬቱ እንጂ ሽታው አይተርፍም። በዚህም ምክንያት ጠማቂው ሆፕሱን ከፋፍሎ ይጨምራል፤ የመጀመሪያውን ለምሬት መፍላት ሲጀምር፣ ቀጣዩን ለጣዕም ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ የመጨረሻውን ለመዓዛ እሳቱ ሲጠፋ። ከዚያም አልፎ ቢራው ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በእርሾ ቦክቶ ካበቃ በኋላ ደረቅ ሆፕስ የሚጨምርበት አለ። ጌሾ አጥቶ በምትኩ ሆፕስ ብርዝ ውስጥ ሳያፈላ የሚነክር ሰው ሽታ ያገኛል እንጂ የለመደውን ምሬት የማያገኘውም ለዚሁ ነው።

ካስኬድ ከየት መጣ? በኦሪገን ክፍለ ግዛት ኮርቫሊስ በምትባል ከተማ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴርና የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆፕስ የሚያዳቅሉበት የምርምር ሥራ አለ። የካስኬድ ዘር የተገኘው እዚያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ለገበሬዎች የተለቀቀው በ1972 ነው። በዘር ሐረጉ ውስጥ የእንግሊዙ ፈግልና የሩሲያው ሴሬብሪያንካ ይገኛሉ። ስሙን የወሰደው በዚያው አካባቢ ከሚያልፉት የካስኬድ ተራሮች ነው። ተመራማሪዎቹ ይፈልጉ የነበረው የሻጋታ በሽታን የሚቋቋምና ከጀርመን የሚመጣውን ባለ መዓዛ ሆፕስ የሚተካ የአገር ውስጥ ዘር ነበር። የወጣላቸው ግን ጀርመንን የማይመስል፣ የግሬፕፍሩት ልጣጭና የአበባ ሽታ ያለው ሌላ ነገር ሆነ። ለምትክነት የተወለደው ልጅ የራሱን መልክ ይዞ መጣ ማለት ነው።

ይህን መልክ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጸጋ የተቀበሉት ትንንሾቹ ጠማቂዎች ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ አንከር የተባለው ቤት በ1975 ሊበርቲ ኤል የተባለውን ቢራ በካስኬድ ሠራ። በ1976 በሶኖማ ኒው አልቢየን የሚባል ትንሽ ጠመቃ ቤት ተከፈተ፤ በ1982 ቢዘጋም ለሌሎች መንገድ አሳይቷል። በ1980 ደግሞ በቺኮ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኬን ግሮስማንና ፖል ካሙሲ የሲየራ ኔቫዳን ፔል ኤል መጥመቅ ጀመሩ። ግሮስማን ከዚያ በፊት ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። የመጀመሪያዎቹን ጥምቂያዎች፣ ጣዕማቸው አንድ ዓይነት አልሆን ቢላቸው፣ ለገበያ ከማውጣት ይልቅ ደጋግመው ደፍተዋቸዋል። በቂ ገንዘብ ያልነበራቸው ሰዎች ይህን ማድረጋቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

መሐል ላይ አንድ ሕግ ወጥቷል። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጥቅምት 1978 በፈረሙትና በየካቲት 1979 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤተሰብ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት እስከ 100 ጋሎን ቢራ ለራሱ እንዲጠምቅ ተፈቀደለት፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። ክፍላተ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው በአላባማና በሚሲሲፒ ነገሩ የተፈቀደው በ2013 ነው። በእንግሊዝ አገር የቤት ጠመቃ ፈቃድ ማውጣት የቀረው ቀደም ብሎ በ1963 ነበር። መጠጥ በተከለከለባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ አንባብያን ይህን ጽሑፍ ለዕውቀት ብቻ እንደምታነቡት አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። ለማመዛዘን መለኪያ ያስፈልጋልና የሲየራ ኔቫዳውን ፔል ኤል መለኪያ እናድርግ። አልኮሉ 5.6 በመቶ ነው። በብርጭቆ ሲቀዳ መልኩ ወደ መዳብ ያደላ ወርቃማ ነው። አፍንጫ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው የግሬፕፍሩት ልጣጭ፣ ቀጥሎ አበባ፣ ከኋላ ጥቂት የጥድ ሽታ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ፊት የሚቆመው ሆፕሱ ሳይሆን ብቅሉ ነው፤ የዳቦ ቅርፊትና ቀላል የተቃጠለ ስኳር ጣዕም አለው። ምሬቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ጣፋጩን ይዘጋና ምላስን ያጸዳል። የዚህ ቢራ ትልቁ ብቃት ሁሉም በየተራው መናገሩ ነው። አንዱ ሌላውን አያቋርጥም። ጉድለት ይፈለግበት ከተባለ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ምሬት ላልለመደ ሰው ትንሽ ሻካራ ነው፤ ከምግባችን ውስጥ በበርበሬ ከተሠራ ወጥ ጋር ሲጠጣም ማቃጠሉን ይጨምራል። ከጥብስና ከአይብ ጋር ግን ይስማማል።

ከዚህ መለኪያ ተነሥተን በቤት የሚጠመቁትን ስናይ ሦስት ጥፋቶች እየተደጋገሙ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው «ለስላሳ ነውና ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው ሐሳብ ነው። ካስኬድ አልፋ አሲዱ ከ4.5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአሥር በመቶ በላይ ካላቸው ኃይለኞቹ ጋር ሲወዳደር ለስላሳ መባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ለስላሳነቱ የምሬቱ እንጂ የቅጠሉ አይደለም። ሆፕስ በበዛ ቁጥር ከመዓዛው ጋር የአበባው ቅጠል ጥሬ ሣር ሣር የሚል፣ እንደ ቆየ የሻይ ቅጠል አፍ የሚያደርቅ ጣዕም ይዞ ይገባል። ቢራውም ብዙ ፈሳሽ ይጠጣበትና ይቀንሳል። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው። ለአምስት ጋሎን፣ ማለትም ለ19 ሊትር ያህል፣ መነሻ ይሆን ዘንድ 42 ግራም ካስኬድ ለአንድ ሰዓት አፍልቶ፣ 28 ግራም ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ 28 ግራም እሳቱ ሲጠፋ መጨመር ይበቃል። ይህን ቀምሶ ያነሰው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የመጨረሻውን ብቻ ይጨምር። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያበዛ ሰው ግን ቢራው ቢጣፍጥም ቢበላሽም የትኛው እንዳደረገው አያውቅም።

ሁለተኛው ጥፋት ከብቅሉ ነው። ቢራው መልክ እንዲኖረውና ምሬቱን እንዲያቻችል ተብሎ ካራሜል የሚባለው ጣፋጭ ብቅል ይበዛበታል። አራት ኪሎ ተኩል ተራ ብቅል ባለበት ጥምቂያ ሩብ ኪሎ ካራሜል ይበቃል፤ ግማሽ ኪሎ የመጨረሻው ዳርቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እርሾው ሊበላው የማይችለው ስኳር ይቀራል፤ ቢራው ከረሜላ ከረሜላ ይላል፤ የካስኬድ የፍሬ መዓዛም ከጣፋጩ ጋር ተደባልቆ እንደ ልጆች ሽሮፕ ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መድኃኒት ብሎ የሚያስበው ሆፕስ መጨመርን ነው። አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት ማረም ስለሆነ ከባድ፣ አድካሚ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ የማያስመኝ ቢራ ይወጣዋል። ብቅሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ውሃው ከ65 እስከ 67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከዚህ በላይ በጣም ከሞቀ ካራሜል ባይጨመርበት እንኳ የሚቀረው ስኳር ይበዛል።

ሦስተኛው ጥፋት ጊዜ ነው፤ ለእኛም ከሁሉ ይበልጥ እንግዳ የሚሆንብን ይህ ነው። ጠጅ ሲቆይ ይበስላል፤ የሚከበረውም ለዚሁ ነው። ካስኬድ ያለበት ፔል ኤል ግን ሲቆይ ያንሳል። የመዓዛው ዘይት ወሮች ባለፉ ቁጥር ይደክማል፤ አየር የገባበት ከሆነ ደግሞ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ያወጣል። በጠርሙስ ከተሞላ ሁለት ሳምንት ሞቅ ባለ ክፍል ቆይቶ ጋዝ ከያዘ በኋላ ወደ ማቀዝቀዣ ገብቶ በሁለት ወር ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል። ለበዓል ተብሎ ከስድስት ወር በፊት የተጠመቀ ፔል ኤል ለእንግዳ ሲቀርብ እንግዳው የሚጠጣው ምሬቱን ብቻ ነው፤ መዓዛው ቀድሞ ሄዷል። «ይመራል» የሚለው ፍርዳችን በከፊል ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በየሱቁ በሙቀትና በብርሃን ከርሞ የተሸጠልንን ጠርሙስ ቀምሰን በቢራው ዓይነት ላይ ፈርደናል።

ስለ ዘመኑ ፋሽንም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ባለፉት ዓመታት ካስኬድን የመሳሰሉት ወደ ኋላ ቀርተው፣ እንደ ሲትራና ሞዛይክ ያሉ መዓዛቸው ማንጎና ፓፓያ የሚል ዘሮች ገበያውን ይዘዋል። በብዙ ሆፕስ የሚሠሩት ደፍራሽ ቢራዎች በ2018 በአሜሪካ የጠማቂዎች ማኅበር የቢራ ዓይነቶች መዘርዝር ውስጥ የራሳቸው ስፍራ ተሰጥቷቸዋል። ደፍራሽ መሆናቸው ጉሽ ጠላ የጠጣን ሰዎች አያስደነግጠንም። ከእነርሱም መካከል በጥበብ የተሠሩ አሉ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ብቅል እንዳለባቸው አይታወቅም። ጭማቂ ለመምሰል ከመጣራቸው የተነሣ ከእህል የተሠራ መጠጥ መሆናቸውን ይረሳሉ። ሽቶ የበዛበት ሰው ከገባ በኋላ ሌላው ሰው ምን እንደሚሸት እንደማይታወቅ ማለት ነው። ለጀማሪ የቤት ጠማቂ እነዚህን መምህር ማድረግ ፊደል ሳይቆጥሩ ቅኔ እንደ መጀመር ይሆንበታል። በካስኬድ ግን ብቅሉ፣ እርሾው፣ ውሃው፣ ሆፕሱ እያንዳንዱ ተለይቶ ይሰማል፤ ስሕተትም ተለይቶ ይታያል።

እስካሁን የነቀፍሁትን ያህል ለነዚህ የቤት ጠማቂዎች አንድ ትልቅ ምስጋና አለኝ። ጽፈዋል። የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር በ1978 ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቻርሊ ፓፓዝያን በ1984 ያሳተመው የቤት ጠመቃ መጽሐፍ በብዙ ሺህ ጓዳ ገብቷል። በ1985 ደግሞ ቢራ ዳኞችን ፈትኖ የሚመሰክር ተቋም ተጀመረ። የዳኞቹ ቅጽ ከ50 ነጥብ የሚሰጥ ሲሆን ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚኖረው ስሜት 5፣ ለጠቅላላ ግምት 10 ተመድቧል። ነጥቡ ብቻውን ብዙም ጥቅም የለውም። ጥቅሙ ዳኛው ለምን እንዳነሰ በጽሑፍ እንዲያስረዳ መገደዱ ነው። ጠማቂውም ቤቱ ሄዶ ከማስታወሻው ጋር ያስተያየዋል፤ ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር፣ ሆፕሱ ስንት ግራም፣ በስንተኛው ደቂቃ። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰው በሃያ ዓመት የሚማረውን ብዙ ሰው በአምስት ዓመት ተማረው።

የእኛስ? የጠላና የጠጅ ሙያ ከቢራቸው ያነሰ አይደለም። ጋኑን በወይራ ማጠን፣ ጥንስሱን መጠንሰስ፣ አሻሮውን ቆልቶ ማስፈጨት፣ ድፍድፉ ሲደርስ በሽታው ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ቴርሞሜትር በሌለበት የተገኘ ጥልቅ ዕውቀት ነው። ባለቤቶቹ እናቶቻችን ናቸው። ነገር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። «ጌሾውን ስንት አደረግሽ እማማ?» ሲባሉ መልሳቸው «በእጄ መጠን» ነው። እጁ እስካለ ድረስ ይህ ትክክለኛ መለኪያ ነው። ችግሩ እጁ ሲያልፍ መለኪያውም አብሮ ማለፉ ነው። በስደት አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጋኑ በፕላስቲክ ባልዲ ተተክቷል፤ ጌሾው መቼ እንደ ተቆረጠ በማይታወቅ ከረጢት ይመጣል፤ የቤቱ ሙቀት በክረምትም በበጋም አንድ ነው። በአገር ቤት ይሠራ የነበረው መጠን እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ያልተጻፈ መጠን ደግሞ ሊታረም አይችልም።

ሂሳችንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለዘመድ ግብዣ የቀረበ ጠጅ ሲቀመስ የምንለው «ግሩም ነው» ብቻ ነው፤ ባይሆንም እንኳ። ጨዋነቱ መልካም ነው፤ ግን ባለሙያዋን አያሳድጋትም። ምሬቱ ዘግይቶ መጣ፣ ማሩ ገና አልተበላም፣ ጌሾው አርጅቷል ብሎ በፍቅርና በአክብሮት የሚነግር ሰው ከማመስገን ይልቅ ያከብራታል። የፈረንጆቹ ቅጽ ለዚህ የሚረዳ አንድ መንገድ ነው። ሙሉ አይደለም፤ መጠጡ ከማን ጋር እንደ ተጠጣ የሚያስቆጥርበት ቦታ የለውምና። ቢሆንም ምላስ የሚያውቀውን በቃል እንዲናገር ያስገድደዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ነገር እጠይቅዎታለሁ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። የጠርሙሱን ቀን አይተው አዲስ የሆነ፣ በካስኬድ የተሠራ ፔል ኤል ይግዙ። በጣም ቀዝቅዞ ከሆነ አሥር ደቂቃ ከማቀዝቀዣ ያውጡት፤ በጠርሙሱ ሳይሆን በብርጭቆ ቀድተው ያሽትቱት። ከዚያ በኋላም «ይመራል» ካሉ ፍርድዎን አከብራለሁ፤ ምክንያት ይኖርዎታልና። ሁለተኛው ግን የሚቸኩል ነው። በቤትዎ ጠላ ወይም ጠጅ የሚያውቁ እናት፣ አክስት ወይም አያት ካሉ፣ በሚቀጥለው በዓል ጌሾውን ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸው ያነሳውን ከነእፍኙ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጡልዎ ይለምኗቸው። ግራሙን፣ የውሃውን ሊትር፣ የማሩን ኪሎ፣ ቀኑን ይጻፉ። ምናልባት ይስቁብዎታል። ይሳቁ፤ እርስዎ ግን ይጻፉ።